ጉንፔ ዮኮይና የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ

በዛሬው ዘመን በላፕቶፕ ጌም የሚጫወት ተማሪ ብዙ ጊዜ በኪቦርዱ ብቻ አይረካም። ለቴሌቪዥን ጌም የተሠራውን ኮንትሮለር በገመድ ወይም በብሉቱዝ ከላፕቶፑ ጋራ አያይዞ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ከእስክሪኑ ላይ ሳይነቅል ይጫወታል። በየሰፈራችን ይህን መሣሪያ ጆይስቲክ እያልን እንጠራዋለን። ስሙ የመጣው በቀድሞዎቹ የጌም መኪናዎች ላይ ቆሞ ይታይ ከነበረው ረጅም ዘንግ ነው። ያ ዘንግ ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ስሙ ግን እስካሁን አለቀቀንም። በዘንጉ ፋንታ በግራ አውራ ጣት የሚጫን፣ ጠፍጣፋ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ እንዲገባ ያደረገው ሰው ጉንፔ ዮኮይ የተባለ ጃፓናዊ ነው። ዛሬ ከመስቀሉ አጠገብ የምናያቸው ሁለቱ አጫጭር ዘንጎች ከዚያ በኋላ የተጨመሩ ናቸው።

ስለ ኤዲሰንና ስለ ማርኮኒ በትምህርት ቤት ብዙ ሰምተናል። የዮኮይን ስም ግን የጌም ወዳጅ የሆኑት ጓደኞቻችን እንኳ ሲጠሩት አይሰማም። ስለዚህ የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ጉንፔ ዮኮይ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1941 ዓ.ም. በኪዮቶ ከተማ ተወለደ። ኪዮቶ የጃፓን ንጉሠ ነገሥታት ከ1,000 ዓመት በላይ የተቀመጡባት፣ በእጅ ሥራ ጥበቧ የታወቀች ጥንታዊት ከተማ ናት። ዮኮይ በዚያው ከተማ በሚገኘው በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኒክስ አጥንቶ ተመረቀ። ይሁን እንጂ በትምህርቱ ከፊተኞቹ የሚቈጠር ተማሪ አልነበረም። ወደ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ማመልከቻ ቢያስገባም የሚቀበለው አጣ። በመጨረሻ በ1965 ዓ.ም. እዚያው በተወለደበት ከተማ የሚገኝ ኒንቴንዶ የሚባል ኩባንያ ቀጠረው።

ኒንቴንዶ ሲባል ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያስበው የቪዲዮ ጌም ነው። በዚያን ጊዜ ግን ኩባንያው ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮ ሀናፉዳ የተባለውን፣ አበባ የተሣለበትን የጃፓን መጫወቻ ካርታ እየሠራ የሚኖር ፋብሪካ ነበረ። ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ለወጣ ወጣት በካርታ ፋብሪካ ምን ሥራ ይገኛል? የዮኮይ ሥራ ካርታ የሚሠሩትን መኪናዎች መጠበቅና ሲበላሹ መጠገን ነበር። መኪናዎቹ ደኅና ሲውሉ እርሱ ሥራ ፈትቶ ይውላል።

ጊዜውን ለማሳለፍ በፋብሪካው ቶርኖ ልዩ ልዩ ነገር እየሠራ ይጫወት ጀመር። ከሠራቸውም ነገሮች አንዱ እንደ መቀስ የተጠላለፉ ዘንጎች ያሉት ክንድ ነበር። እጀታዎቹን ሲያቀራርቧቸው ክንዱ ተመዞ ይረዝምና በጫፉ ሩቅ ያለውን ዕቃ ይቆነጥጣል፤ እጀታዎቹን ሲያራርቋቸው ተመልሶ ይሰበሰባል። አንድ ቀን የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺ ፋብሪካውን ሲጎበኝ ይህን መጫወቻ በዮኮይ እጅ አየው። ያማኡቺ የኩባንያው መሥራች የልጅ ልጅ ልጅ ሲሆን ሠራተኞቹ የሚፈሩት ቁጡ ሰው ነበረ። ዮኮይ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ሲጠራ በሥራ ሰዓት በመጫወቱ ሊገሠጽ መስሎት ሄደ። ያማኡቺ ግን ያን ክንድ ለገበያ የሚሆን መጫወቻ አድርጎ እንዲያወጣው አዘዘው። በ1966 ዓ.ም. አልትራ ሀንድ ተብሎ ወጣ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። ዮኮይም ከጥገና ተነሥቶ አዲስ መጫወቻ ወደ መፍጠር ሥራ ተዛወረ። ሌላ አለቃ ቢሆን ኖሮ የወር ደመወዙን ቀጥቶ ወደ መኪናው ይመልሰው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ የዛሬው ኮንትሮለርም ምናልባት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ከዚህ በኋላ ዮኮይ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አዲስ ነገር አወጣ። በ1969 ዓ.ም. የወጣው ላቭ ቴስተር የተባለው መጫወቻ ወንድና ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው በሌላ እጃቸው የመሣሪያውን ጫፎች ሲጨብጡ፣ በሰውነታቸው የሚያልፈውን ጥቂት ኤሌክትሪክ ለክቶ የፍቅራቸውን መጠን በመርፌ የሚያሳይ ነበረ። በእርግጥ የሚለካው የእጃቸውን ላብ እንጂ ፍቅራቸውን አልነበረም። ዮኮይም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ዋናው ዓላማው የልጃገረዶችን እጅ ለመያዝ ምክንያት ማግኘት እንደ ነበረ ኋላ ራሱ ተናግሯል።

ሌላው በ1972 ዓ.ም. የወጣው ሌፍቲ አር ኤክስ ነው። በዚያን ጊዜ በሬዲዮ የምትነዳ የመጫወቻ መኪና እጅግ ውድ ስለ ነበረች ተራ ልጅ ሊገዛት አይችልም ነበር። ዋጋውን ያናረው መኪናዋን ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚያዙት ብዙ የሬዲዮ ዕቃዎች ናቸው። ዮኮይ ዕቃዎቹን ቀንሶ ቀንሶ በመጨረሻ ወደ ግራ ብቻ የምትታጠፍ መኪና ሠራ። መኪናዎች በክብ ሜዳ ላይ ሲሽቀዳደሙ ወደ አንድ ወገን መታጠፍ ከቻሉ ይበቃቸዋልና ልጆቹ ምንም አልጎደለባቸውም።

ሥራው ሁሉ የተሳካ ግን አልነበረም። በ1973 ዓ.ም. ኒንቴንዶ ሰው ያጣባቸውን የቦውሊንግ አዳራሾች በብርሃን ጠመንጃ የኢላማ መተኮሻ ወደ ማድረግ ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ በድንገት ሲንር ትእዛዙ ሁሉ ተሰረዘ፤ ኩባንያውም ከባድ ዕዳ ውስጥ ወደቀ።

ስለ ዮኮይ አስተሳሰብ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የቀረው ሥራው ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነውና። ብዙ መሐንዲሶች ትናንት ከላቦራቶሪ የወጣውን አዲስ ነገር ይሻሉ። ዮኮይ የሚፈልገው ግን ያረጀውን ነበር። አንድ የቴክኒክ ሥራ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ ምስጢሩ ሁሉ ይታወቃል፤ ጉድለቱ ተፈልጎ ይገኛል፤ ብዙ ፋብሪካዎች ስለሚሠሩት ዋጋው ይረክሳል። ዮኮይ ይህን የጠወለገ ጥበብ ብሎ ይጠራው ነበር። እንዲህ ያለውን የታወቀ ነገር ወስዶ ማንም ወዳላሰበበት ቦታ ማዛወር የሥራው ሁሉ ደንብ ሆነ። አዲስ የሚሆነው ዕቃው ሳይሆን አጠቃቀሙ ነው ማለት ነው።

ይህ ደንብ ትልቁን ፍሬ ያፈራው በባቡር ላይ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ዮኮይ ሺንካንሰን በተባለው ፈጣን ባቡር ሲጓዝ አንድ መንገደኛ ሥራ ፈትቶ የሒሳብ መኪናውን ቁልፎች እየተጫነ ሲጫወት አየ። በ1970ዎቹ የጃፓን ኩባንያዎች በካልኩሌተር ገበያ ብርቱ ፉክክር ስላደረጉ፣ ቁጥሩ የሚታይበት ኤል ሲ ዲ የተባለው ገጽና በውስጡ ያለው ትንሹ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ዋጋው እጅግ ወርዶ ነበር። ዮኮይ መንገደኛውን አይቶ፣ በኪስ የሚያዝ፣ ትልቅ ሰው እንኳ ሳያፍር በመዳፉ ደብቆ የሚጫወተው ትንሽ ጌም አሰበ።

ይህን አሳቡን ለፕሬዚዳንቱ የነገረው በአጋጣሚ ነው። የያማኡቺ ሾፌር ሳይመጣ በቀረበት ቀን የፕሬዚዳንቱን የአሜሪካ መኪና ዮኮይ እንዲነዳ ታዘዘ፤ ዮኮይ ራሱ መሪው በግራ በኩል የሆነ የውጭ አገር መኪና ስለ ነበረው እንዲህ ያለውን መንዳት ያውቅ ነበረና። በመንገድ ላይ ዝም ብሎ ላለመሄድ ያህል አሳቡን አጫወተው። ያማኡቺ እሺ ወይም እንቢ ሳይል ሰምቶ ዝም አለ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ግን ኤል ሲ ዲ የሚሠራው የሻርፕ ኩባንያ ሹማምንት ወደ ኒንቴንዶ መጡ።

በዚህም መሠረት ኤፕሪል 28 ቀን 1980 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጌም ኤንድ ዎች ለሽያጭ ቀረበ። ጨዋታው ኳሶች እየወረወሩ መቅለብ ብቻ ነበረ፤ ቁልፎቹም አንድ በግራ አንድ በቀኝ ናቸው። የማይጫወቱበት ጊዜ ሰዓት ሆኖ ያገለግላል። ከዚህ ወገን የወጡት ጌሞች በጠቅላላው 43.4 ሚሊዮን ተሸጡ፤ ኒንቴንዶም ከዕዳው ወጣ።

አሁን ወደ መስቀሉ ደርሰናል። በ1981 ዓ.ም. ኒንቴንዶ በሳንቲም የሚሠራ ዶንኪ ኮንግ የተባለ ትልቅ የጌም መኪና አወጣ። ጨዋታውን ያሰበው ሺገሩ ሚያሞቶ የተባለ ወጣት ሠዓሊ ሲሆን ሥራውን እንዲቈጣጠር የተመደበው ዮኮይ ነበረ። በዚህ ጨዋታ አንድ ሰውዬ መሰላል ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ በርሜልም ይዘላል። ጨዋታው ስለ ተወደደ በሚቀጥለው ዓመት በጌም ኤንድ ዎች መልክ፣ እንደ መጽሐፍ በሚታጠፍ ባለሁለት ገጽ መጫወቻ እንዲወጣ ተወሰነ። ችግሩም እዚህ ላይ መጣ። ሰውዬው በአራት አቅጣጫ መሄድ አለበት። ዘንግ ቢተከል መጫወቻው አይታጠፍም፤ በኪስም አይገባም። አራት የተለያዩ ቁልፎች ቢደረጉ ተጫዋቹ ጣቱን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያዛውር ዓይኑን ወደ እጁ መመለስ ይገደዳል፤ ያን ጊዜ በርሜሉ ይመታዋል።

ዮኮይና ባልደረቦቹ ያገኙት መፍትሔ አራቱን ቁልፎች አንድ ማድረግ ነው። በጃፓንኛ የአሥር ቁጥር ፊደል የመስቀል ቅርጽ ስላለው ጃፓኖች ይህን ቁልፍ እስከ ዛሬ በአሥር ፊደል ስም ይጠሩታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። መስቀሉ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ሲሆን በመካከሉ ከሥር በኩል ጉብ ያለ ድጋፍ አለው፤ በዚያ ላይ እንደ ሚዛን ያዘነብላል። በአራቱ ክንዶች ሥር ለስላሳ ጎማ አለ፤ ጎማው ሲጫን ከታች ያሉትን የኤሌክትሪክ መስመሮች ያገናኛል። አንዱ ክንድ ሲወርድ ተቃራኒው ክንድ ከፍ ስለሚል ግራና ቀኝን በአንድ ጊዜ መጫን አይቻልም። አውራ ጣትም መካከሉን እየዳሰሰ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ዓይን ከእስክሪኑ መነሣት አያስፈልገውም። ከጎማና ከፕላስቲክ በቀር በዚህ ውስጥ አዲስ ዕቃ አንድም የለም።

በዚህ ቦታ አንድ ነገር መግለጽ ተገቢ ነው። ስለዚህ ቁልፍ በ1987 ዓ.ም. በአሜሪካ በተሰጠው የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት ላይ የተጻፈው የኢቺሮ ሺራይ ስም እንጂ የዮኮይ አይደለም። በኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ነገር የብዙ ሰው እጅ አለበት። አሳቡን መርቶ ለፍሬ ያበቃው ዮኮይ እንደ ሆነ በሰፊው ይነገራል፤ እኔም ይህን ተከትዬ ጽፌአለሁ፤ ነገር ግን የሺራይን ስም ሳያነሡ ማለፍ ደግ አይመስለኝም።

መስቀሉ ከኪስ ጌም ወደ ቴሌቪዥን ጌም የተሻገረው በ1983 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በጁላይ ወር ኒንቴንዶ ፋሚኮም የተባለውን የጌም መኪና አወጣ። መኪናውን የሠራው ማሳዩኪ ኡኤሙራ የተባለ ሌላ መሐንዲስ ሲሆን በመጀመሪያ ዘንግ ሊያደርግለት አስቦ ነበር። ነገር ግን በጃፓን ቤት ልጆች የሚጫወቱት ወለል ላይ ተቀምጠው ነው፤ ዘንግ ወለል ላይ ከተተወ የሚረግጠው አይታጣም፤ ይሰበራል፤ እግርም ይጎዳል። ስለዚህ የዶንኪ ኮንግን መስቀል ወስደው በኮንትሮለሩ ግራ በኩል አደረጉት፤ በቀኝ በኩል ኤ እና ቢ የተባሉ ሁለት ቁልፎች ሆኑ። ፋሚኮምና ለውጭ አገር የወጣው ወንድሙ በጠቅላላው ከ60 ሚሊዮን በላይ ስለ ተሸጡ የዓለም ልጆች አውራ ጣት በዚያ ለመደ። ከዚያም በኋላ አቅጣጫ በግራ እጅ፣ ሥራ በቀኝ እጅ የሚለው አቀማመጥ በሌሎቹም ኩባንያዎች ኮንትሮለር ላይ ደንብ ሆነ።

የፋሚኮም ኮንትሮለር ገመዱ ከመኪናው ጋራ አብሮ የተሠራ ስለ ነበረ ነቅሎ ሌላ ቦታ መሰካት አይቻልም ነበር። ዛሬ ግን የአንዱን ኩባንያ ኮንትሮለር በላፕቶፕ ላይ መጠቀም ተራ ነገር ሆኗል። ለዚህ የሚጓጉ ጓደኞቻችን ብዙ ስለ ሆኑ ጥቂት ልጨምር። የኤክስቦክስ ኮንትሮለር ዊንዶውስን የሠራው የማይክሮሶፍት ምርት ስለ ሆነ በዩኤስቢ ገመድ ሲሰካ ላፕቶፑ ወዲያው ያውቀዋል። የፕሌይስቴሽን ወይም የኒንቴንዶ ኮንትሮለር ሲሆን ብዙ ጌሞች ቋንቋውን ስለማያውቁ እንደ ስቲም ያለ ፕሮግራም በመካከል ገብቶ አስተርጓሚ እንዲሆን ያስፈልጋል። ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በኒንቴንዶ ኮንትሮለር ላይ ኤ በቀኝ፣ ቢ ከታች ሲሆኑ በኤክስቦክስ ላይ ግን ኤ ከታች፣ ቢ በቀኝ ናቸው። ስለዚህ ጌሙ ኤን ተጫን ብሎ ሲያዝ የለመደ እጅ ቢን ይጫናል፤ ይህን በስቲም ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ማለዋወጥ ይቻላል። በብሉቱዝ ሲሆን ደግሞ ትእዛዙ ለመድረስ ጥቂት ሊዘገይ ስለሚችል ፍጥነት ለሚፈልግ ጨዋታ ገመዱ ይመረጣል።

አስተርጓሚ የማያስቸግረው መስቀሉ ነው። በማንኛውም ኮንትሮለር ላይ ላይኛው ክንድ ላይ ነው፤ ታችኛውም ታች ነው። በኪቦርድ የሚጫወት ሰው ግራና ቀኝን ባንድ ጊዜ ሊጫን ይችላል፤ ከዚህም በቀር ርካሽ የሆኑ ኪቦርዶች ሦስት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ አንዱን ሳያዩት የሚቀሩበት ጊዜ አለ። በመዝለልና በመሮጥ በሚጫወቱት ጌሞች መስቀሉ የሚበልጠው ስለዚህ ነው። ሁልጊዜ ግን ኮንትሮለር ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ አነጣጥሮ በመተኮስ ጌም ማውስን የሚያህል የለም።

ወደ ዮኮይ ታሪክ እንመለስ። ኤፕሪል 21 ቀን 1989 ዓ.ም. ጌም ቦይ ወጣ። ይህ በእጅ የሚያዝ ሆኖ የልዩ ልዩ ጨዋታ ካርትሪጅ የሚቀያየርበት መጫወቻ ነበር። ዋጋው በጃፓን 12,500 የን ሆነ። ከዮኮይ ጋራ የሠራው ሳቶሩ ኦካዳ መሣሪያው ኃይለኛ እንዲሆንና ለብዙ ዓመት እንዲያገለግል አጥብቆ ተከራክሯል፤ ዮኮይ ደግሞ ቀላልና ርካሽ እንዲሆን ይፈልግ ነበር፤ የወጣው ነገር የሁለቱም ክርክር ፍሬ ነው። በእስክሪኑ ረገድ ግን ዮኮይ አልተበገረም። ቀለም የለውም፤ ከውስጡ መብራት አይበራም፤ አረንጓዴ መሳይ ገጽ ላይ ጥቁርና ግራጫ ሥዕል ብቻ ይታያል። ተፎካካሪዎቹ የአታሪ ሊንክስና የሴጋ ጌም ጊር ባለቀለም ገጽ ይዘው ቀረቡ። ነገር ግን እነርሱ 6 ባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርሱ ነበር፤ ጌም ቦይ በ4 ባትሪ ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይጫወታል። የድንጋይ ዋጋ ከኪሱ የሚከፍል ልጅ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ጌም ቦይ ኋላ ከወጣው ባለቀለም ወንድሙ ጋራ 118 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። በግራ በኩል ያለው ቁልፍም ያው መስቀል ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ውድቀት መጣ። በ1995 ዓ.ም. ዮኮይ ቨርቹዋል ቦይ የተባለ መጫወቻ አወጣ። ይህ በዓይን ላይ ተደግፎ የሚታይ፣ በእግር የሚቆም ሣጥን ሲሆን በውስጡ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለያየ ሥዕል እያሳየ ነገሩ ጥልቀት ያለው እንዲመስል ያደርጋል። ቀለሙ ቀይና ጥቁር ብቻ ነበር። የሚገርመው በኮንትሮለሩ ላይ መስቀሉ ሁለት መሆኑ ነው፤ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። በሁለት አውራ ጣት ሁለት አቅጣጫ ማዘዝ ዛሬ በየላፕቶፑ የምንሰካው ኮንትሮለር ሁሉ የሚሠራበት አሳብ ነው፤ ምንም እንኳ ዛሬ ሥራውን አጫጭሮቹ ዘንጎች ቢወስዱትም። ሕዝቡ ግን መጫወቻውን አልወደደውም። ዓይንና አንገት ያደክማል ተባለ፤ እንደ ልብ ይዘውት አይዞሩም፤ ጌሞቹም ጥቂት ነበሩ። 770,000 ያህል ብቻ ተሸጦ ዓመት ሳይሞላው ተቋረጠ። የራሱን ደንብ ብናስታውስ ይህ መጫወቻ ከዮኮይ ሥራዎች ሁሉ ለአዲስ ነገር እጅግ የተጠጋው እንደ ነበረ እናያለን።

በኦገስት ወር 1996 ዓ.ም. ዮኮይ ለ31 ዓመት ያገለገለውን ኩባንያ ለቆ ወጣ። ብዙዎች በቨርቹዋል ቦይ ውድቀት ምክንያት ተባረረ ብለው ጽፈዋል። ዮኮይ ግን ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምሮ ዕድሜው ሃምሳ ካለፈ በኋላ የራሱን ሥራ ሊሠራ ያስብ እንደ ነበረ ተናግሯል፤ ከመሄዱም በፊት ጌም ቦይን አሳንሶና አቅልሎ ጌም ቦይ ፖኬት በሚል ስም በዚያው ዓመት እንዲወጣ አድርጓል። በውርደት የሚባረር ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ጨርሶ አይሄድም ብዬ እገምታለሁ። ከዚያም በኪዮቶ ኮቶ የሚባል የራሱን ትንሽ ኩባንያ አቋቋመ።

በአዲሱ ሥራው ብዙ ሊቆይ አልታደለም። ኦክቶበር 4 ቀን 1997 ዓ.ም. በኢሺካዋ አውራጃ በሚያልፈው በሆኩሪኩ የፍጥነት መንገድ ላይ የተሳፈረበት መኪና ከአንድ የጭነት መኪና ጋራ ተጋጨ። ግጭቱ ቀላል ነበር። ዮኮይ ጉዳቱን ለማየት ከመኪናው ወርዶ ሳለ ሌላ መኪና መጥቶ መታውና ሞተ። ዕድሜው 56 ዓመት ነበር። በ2003 ዓ.ም. የዓለም አቀፍ የጌም ሠሪዎች ማኅበር ለሕይወት ዘመን ሥራው ሽልማት ሰጠው፤ ሊቀበለው ግን በሕይወት አልነበረም።

ከመሞቱ በፊት ለባንዳይ ኩባንያ የጀመረው በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ዋንደርስዋን ተብሎ በማርች ወር 1999 ዓ.ም. ወጣ። ይህም ቀለም የሌለው ሲሆን በአንድ ባትሪ ድንጋይ ከ30 ሰዓት ያላነሰ ይሠራ ነበር። በዋንደርስዋን ላይ መስቀሉ የለም። ጨዋታው እንደ አስፈላጊነቱ መጫወቻውን አግድም ወይም ቀጥ አድርጎ ይዞ እንዲሆን ስለ ታሰበ፣ በግራ በኩል ሁለት ዓይነት አራት አራት ትንንሽ ክብ ቁልፎች ተደርገውበታል፤ ሲያዞሩት አንዱ ወገን አቅጣጫ፣ ሌላው ወገን የመዝለልና የመምታት ቁልፍ ይሆናል። መስቀል ቢሆን ኖሮ ይህ አይመችም ነበር። ከመጫወቻው ጋራ አብሮ ከወጡት ጌሞች አንዱ መስመሮችን እያገጣጠሙ የሚጫወቱት የእንቆቅልሽ ጌም ሲሆን ስሙን ጉንፔ ብለው አወጡለት።